እንግዳ የሌለበት ጉባኤ፤ ስለ አኒሜ ወዳጆች መሰባሰብ አጭር ጥናት

የሰው ልጅ የወደደውን ነገር ብቻውን ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም። ግጥም የወደደ ሰሚ ይፈልጋል፤ ኳስ የወደደ ሜዳ ይወርዳል፤ ቅዱሱን የሚዘክር ማኅበር ይገባል። በዘመናችን በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት መሰባሰቦች አንዱ የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወዳጆች የሚያደርጉት ጉባኤ ነው። ከመካከላችን እነዚህን ሥዕሎች የሚመለከት ብዙ ነው፤ ስለ ጉባኤዎቹ ግን አብዛኛዎቻችን የምናውቀው በስልክ ያየነውን ባለ ሰማያዊ ጠጕርና ባለ ረጅም ሰይፍ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉባኤዎቹ እንዴት እንደ ተወለዱ፣ ለምን እንዳደጉና ለእኛ ምን ትምህርት እንደሚሰጡ ለመመርመር እንሞክራለን።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። አኒሜ የሚባለው በጃፓን አገር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ የሥዕል ፊልም ነው። ማንጋ ደግሞ በወረቀት ታትሞ የሚነበብ የሥዕል ታሪክ ነው። ኮስፕሌይ ማለት አንድ ሰው የወደደውን ባለ ታሪክ ልብስ ለብሶ፣ ብዙውን ጊዜም በገዛ እጁ ሰፍቶ፣ በሰው ፊት መቅረብ ነው። ጉባኤ ስንል በአንድ አዳራሽ ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀኖች የሚደረገውን የወዳጆች መሰባሰብ ማለታችን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ ከእኛ የራቀ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ዓለም ከተማን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ የሚደረስባት የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ናት። በዚያ ያለ ወጣት ናሩቶን ወይም ዋን ፒስን ለማየት ቶኪዮ መሄድ አያስፈልገውም፤ ፍላሽ ወይም የስልክ ሚሞሪ አስሞልቶ ከቤቱ ሆኖ ያያል። ማየቱ ጀማን ተሻግሮ ከደረሰ መሰባሰቡስ ስለ ምን ሳይደርስ ቀረ? የጥናታችን ጥያቄ ይህ ነው።

ሀ. አጀማመሩ

የወዳጆች ጉባኤ ከአኒሜ ይቀድማል። በ1939 በኒው ዮርክ ከተማ የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች የመጀመሪያውን የዓለም ጉባኤ አደረጉ፤ የተገኙትም ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ፎረስት አከርማንና ሜርትል ዳግላስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች የወደፊቱን ዘመን ሰው ልብስ ለብሰው መጡ፤ የሁለቱንም ልብስ የሰፋችው ሜርትል ነበረች። የዛሬው ኮስፕሌይ አያት እርስዋ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። እነዚህ አንባቢዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት አንባቢ አሁን በእጁ እንደያዘው ባለ በማባዣ መኪና በተባዙ አነስተኛ መጽሔቶች ነበር።

ጃፓኖችም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤያቸውን በ1962 በቶኪዮ ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥር 1 ቀን 1963፣ ቴዙካ ኦሳሙ የሠራው አስትሮ ቦይ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በየሳምንቱ የሚቀጥል የግማሽ ሰዓት አኒሜም በዚያው ተተከለ። ከዚህ በኋላ የተወለደው የጃፓን ልጅ ከአኒሜ ጋር አደገ። ልጁ ሲጐለምስ ግን ማየት ብቻውን አልበቃው አለ።

በ1975 የዛሬውን ጉባኤ የወለደ አንድ ጉዳይ ተነሣ። በዚያን ጊዜ የነበረ አንድ የማንጋ ጉባኤ፣ አሠራሩን የተቸች አንዲት ተሳታፊ እንዳትገባ ከለከለ። በዚህ የተቈጡ ጥቂት ወጣቶች ማንም የማይከለከልበት የራሳቸው መሰባሰቢያ ይኖር ዘንድ ተማከሩ። በታኅሣሥ ወር 21ኛው ቀን በቶኪዮ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ የመጀመሪያውን የኮሚክ ገበያ ከፈቱ፤ በአጭሩ ኮሚኬት ይባላል። የመጡት 32 ክበቦችና 700 ያህል ሰዎች ነበሩ። አብዛኛዎቹም የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ነበሩ። ይህ ጉባኤ በ2019 በበጋው በአራት ቀን ውስጥ 730,000 ያህል፣ በዚያው ዓመት በክረምቱም 750,000 ያህል ሰው አስተናገደ። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ክፍል ሕዝብ ወደ አንድ ታላቅ ከተማ ሕዝብ ተለወጠ ማለት ነው።

ለ. ያደገበት ምክንያት

ይህን እድገት ስናይ ወዲያው ወደ አእምሮአችን የሚመጣው «ጃፓን ሀብታም አገር ስለሆነች ነው» የሚለው መልስ ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሀብት አዳራሽ ይሠራል እንጂ ሰው አይሰበስብም። ትክክለኛው ምክንያት በኮሚኬት ደንብ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ጉባኤ «ደንበኛ» የሚባል ሰው የለም። ጠረጴዛ ይዞ መጽሔቱን የሚሸጠውም፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛውም፣ ሰልፍ የሚያስይዘውም ሁሉም «ተሳታፊ» ይባላሉ። ጉባኤው የአንድ ባለቤት ግብዣ ሳይሆን የሁሉም ሥራ ነው ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሁለት ሦስት ጓደኞች ተሰብስበው ክበብ ያቋቁማሉ። በራሳቸው ገንዘብ አንድ ትንሽ መጽሔት ያሳትማሉ፤ ሥዕሉም ጽሑፉም የራሳቸው ነው። በጉባኤው ቀን በአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለመሰሎቻቸው ያቀርባሉ። ከእነዚህ ክበቦች ብዙዎቹ ምንም አያተርፉም፤ እንዲያውም የማተሚያውን ወጪ ሳይመልሱ ይሄዳሉ። ሥርዐቱን የሚያስከብሩት በሺህ የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ሰው በዚህ ዓመት ገዢ ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት ጠረጴዛ ይዞ ይመጣል። በዚህ መንገድ ተመልካቹ ሠሪ ይሆናል።

ከእነዚህ ጠረጴዛዎች የወጡ ሰዎች ኋላ በሙያው ታዋቂ ሆነዋል። ክላምፕ የሚባለው የሴት ሠዓሊዎች ቡድን መጀመሪያ እንዲህ ያለ ክበብ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለተማሪዎች ሊነገረን የሚገባው ግን የኦሳካው ታሪክ ነው። በ1981 የጃፓን የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ በኦሳካ ከተማ ሲደረግ አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመክፈቻው የሚታይ አጭር አኒሜ በራሳቸው ሠሩ። ርዝመቱ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ በኦሳካ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው አኖ ሂዴአኪ ነበር። እነዚሁ ልጆች በ1984 ጋይናክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ አኖም በ1995 ኢቫንጌሊዮን የተባለውን እጅግ የታወቀ ሥራ በዚያ ሆኖ አወጣ። አንድ የተማሪዎች የአምስት ደቂቃ ሥራ የአንድን አገር ጥበብ አቅጣጫ ለወጠ። የተማሪዎቹ መነሻ ጉባኤው «እናንተስ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ሐ. ወደ ባሕር ማዶ

በአሜሪካ ያለው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ ምክንያቱም በዚያ ያሉት ወዳጆች እንደ እኛ ቋንቋውን የማያውቁ ነበሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የቪዲዮ መቅጃ መኪና በየቤቱ መግባት ሲጀምር ከጃፓን የተቀዱ ካሴቶች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ጀመር። በ1977 በሎስ አንጀለስ ጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን የአኒሜ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ። በየወሩ ተሰብስበው ካሴቱን ያያሉ፤ ንግግሩ ግን ጃፓንኛ ነው። ስለዚህ ከመካከላቸው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በወረቀት አሳጥሮ ይጽፍና ያድላል፤ ሌሎቹ ወረቀቱን እያነበቡ ሥዕሉን ይከተላሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር አንዳች አያስታውስህምን? የእኛም አገር ወጣት ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ያዞራል። የእኛም አገር ሰው በትርጉም ፊልም ላይ አንድ ተራኪ የባዕዱን ንግግር በአማርኛ እያጫወተ ሲያስከትለው ኖሯል። እንግዲህ በ1977 በሎስ አንጀለስ የነበረው መሣሪያ ሁሉ ዛሬ በዓለም ከተማ አለ፤ ልዩነቱ እነዚያ ከካሴቱ ቀጥሎ ማኅበር ማቆማቸው ብቻ ነው።

ከማኅበሩ ጉባኤው ተወለደ። በ1983 በቴክሳስ በዳላስ ከተማ ያማቶ የተባለውን አኒሜ የሚወዱ ሰዎች ጉባኤ አደረጉ፤ በ1990 በዚያው ከተማ ኤ ኮን፣ በ1992 በካሊፎርኒያ አኒሜ ኤክስፖ ተከተሉ። በ1994 ደግሞ በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአኒሜ ክበብ አባል የነበሩ ወጣቶች ኦታኮን የተባለውን ጉባኤ በአንድ ሆቴል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት የመጡት 350 ያህል ነበሩ፤ በ2023 ከ40,000 በላይ ሆኑ። ይህ ጉባኤ እስከ ዛሬ የሚመራው ለትርፍ ባልቆመ ማኅበር ሲሆን የሚያካሂዱትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

መ. የጉባኤው ባህል

ጉባኤውን ከውጭ የሚያይ ሰው የጨርቅና የቀለም ትርምስ ይመስለዋል። ከውስጥ ግን ጥብቅ ሥርዐት አለው። በኮሚኬት ልብስ የሚለወጠው በተወሰነ ክፍል ብቻ ነው፤ ማንም የባለ ታሪኩን ልብስ እንደ ለበሰ ከቤቱ እንዳይመጣ፣ ለብሶም እንዳይመለስ ይጠየቃል፤ ይህም የአካባቢው ሰው እንዳይታወክ ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ያስፈቅዳል። በተለይ ሴቶች ልጆች በለበሱት ልብስ ምክንያት እንዳይደፈሩ በ2014 የኒው ዮርክ ኮሚክ ጉባኤ «ልብሱ ፈቃድ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው አቁሞ ነበር። ይህ ለእኛም ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እኅቶቻችን ተዝናንተው የማይገቡበት አዳራሽ የወንዶች ጨዋታ ቤት ይሆናል እንጂ ጉባኤ አይባልም።

ሌላው የባህሉ ፊት ንቀትን መቋቋም ነው። በጃፓን አኒሜ አብዝቶ የሚወደው ሰው ኦታኩ ይባላል። ይህ ስም በ1983 በአንድ መጽሔት ላይ ሲወጣ የማላገጫ ስም ነበር። በ1989 ልጆችን የገደለ አንድ ሰው በተያዘ ጊዜ ጋዜጦች ወንጀሉን ከኦታኩነት ጋር ስላያያዙት ምንም ያላደረገው ወጣት ሁሉ ተጠረጠረ። ወዳጆቹ ግን ስድብ በስድብ አልመለሱም፤ ጉባኤያቸውን በሥርዐትና በሰልፍ ማካሄዳቸውን ቀጠሉ፤ ስሙም እየዋለ እያደረ የመጠሪያ ስም ሆነ።

የሚያሠጋም ነገር አለ። ጉባኤ ሲያድግ ነጋዴ ይከተላል። ትልልቅ ድርጅቶች ሰፊውን ቦታ ይይዛሉ፤ የመግቢያው ዋጋ ይወደዳል፤ በእጁ የሠራው ልጅ ወደ ጥግ ይገፋል። ያን ጊዜ ተሳታፊው ወደ ደንበኛነት ይመለሳል። ሆኖም የጉባኤው ነፍስ በንግዱ ውስጥ አለመሆኑ በወረርሽኙ ዘመን ታይቷል። ለግንቦት 2020 የታቀደው ኮሚኬት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ፤ በታኅሣሥ 2021 ግን የሰው ቍጥር ተወስኖ እንደ ገና ተከፈተ። እቤታቸው ሆነው ሁሉን በስልክ ማየት የሚችሉ ሰዎች ተመልሰው ለመሰለፍ መጡ።

ሠ. በእኛ አገር

ኢትዮጵያ ጃፓንን ማየት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። የዚያ ዘመን ምሁራን ጃፓንን ያዩት «የባሕርዩን ሳይለቅ የሠለጠነ ሕዝብ ምን ይመስላል?» ብለው ነው። የዛሬው ወጣት በአኒሜ አድርጎ ጃፓንን ሲያይ ይህንኑ ጥያቄ ቢጠይቅ ማየቱ ትምህርት ይሆንለታል።

የሥራውም ጅማሬ አለ። በ2018 ብሥራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና የያዘ የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። የእኛ ሰው በእኛ ቋንቋ በሥዕል ታሪክ ውስጥ ጀግና ሆኖ ሊቆም መቻሉን ይህ አሳይቷል።

ስለ መሰባሰቡ ግን ከማንም ልንበደር አይገባንም። ኮሚኬት በ1975 ያገኘውን ደንብ የመርሐ ቤቴና የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በጽዋ ማኅበር ውስጥ ዘለዓለም እንግዳ ሆኖ የሚኖር ሰው የለም። ዛሬ የጠጣ በሚቀጥለው ወር ተረኛ ሆኖ ይደግሳል፤ ሙሴው ሥርዐቱን ይጠብቃል፤ ያልመጣ ይጠየቃል፤ የታመመ ይጐበኛል። በደቦም እንዲሁ ነው፤ ማጭዱን ሳይዝ የሚመጣ ሰው ጠላውን ሊጠጣ ብቻ እንደ መጣ ይታወቅበታል። እንግዲህ «ጉባኤ የባዕድ ነገር ነው» የሚለው ወቀሳ ሥዕሉን ይነካ እንደ ሆነ እንጂ መሰባሰቡን አይነካም።

ተመልካችነት ወደ ሥራ ሲለወጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ ዓለም ከተማ በዓይንዋ አይታለች። ካርል ሀይንዝ በም የተባለው ተዋናይ ከ1955 እስከ 1957 በተሠሩት ሲሲ በተባሉት ሦስት ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በመሥራቱ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም እጅግ ተወደደ። በግንቦት 1981 በአንድ የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ ከተመልካቾች ሢሶው እንኳ ለተራበው የአፍሪካ ሕዝብ አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። በውርርዱ ረታ፤ ሢሶው አልሰጠም። ነገር ግን የሰጠው ሰው ገንዘብ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1990ዎቹም በመርሐ ቤቴ መሥራት ጀመረ። የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል የዚህ ድርጅት ሥራ ነው። በጀርመን አገር የምትገኘው ፋተርሽቴተንም ከ1994 ጀምሮ የዓለም ከተማ እኅት ከተማ ሆናለች።

ይህን ታሪክ ያመጣነው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። እነዚያ ሰዎች ተዋናዩን ከሃያ ዓመት በላይ ሲወዱት ኖረዋል፤ ፍቅራቸው ግን «ምን ታመጣላችሁ?» ብሎ እስኪጠይቃቸው ድረስ ከመስኮቱ አልወጣም። በተጠየቁ ጊዜ ሁሉም ባይመልሱም የመለሱት በቍ። አኒሜ የሚወድ ተማሪም ሆስፒታል ይሥራ አንልም፤ ነገር ግን ፍቅሩ ሥራ እንዲሆን አንድ ሰው ሊጠይቀው ይገባል።

ረ. ማጠቃለያና ሐሳብ

ከላይ ከተነገረው ሁሉ የምናወጣው አንድ ፍርድ ነው፤ የወዳጆች ጉባኤ የሚያድገው የሚመጣው ሰው እንግዳ ባልሆነበት ጊዜ ነው። ሀብትም ሆነ ታላቅ አዳራሽ ሁለተኛ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ቀን አነስተኛ ጉባኤ እንዲደረግ ለተማሪዎች ማኅበር ሐሳብ እናቀርባለን። አንድ የመማሪያ ክፍልና አሥር ጠረጴዛ ይበቃል፤ ኮሚኬትም የተጀመረው በአንድ አዳራሽ ነውና።

ደንቡም አራት ይሁን። አንደኛ፣ ባዶ እጁን የሚገባ አይኑር፤ ሥዕል የሚችል ሥዕል፣ መጻፍ የሚችል ታሪክ፣ መስፋት የሚችል ልብስ ይዞ ይምጣ፤ ይህን ሁሉ አልችልም የሚል ወንበር ይሸከም፣ አዳራሹን ይጥረግ። ሁለተኛ፣ የምናቀርበው ነገር የጃፓንን ጀግና መቅዳት ብቻ አይሁን፤ የመንዝ ባና የለበሰ ጀግና፣ የጀማ ሸለቆ የሚታይበት ታሪክም ይሣል። ሦስተኛ፣ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ወይም በልብስ የሚያላግጥ ማንም ቢሆን ይውጣ። አራተኛ፣ የገባውና የወጣው ገንዘብ በዚያው ቀን በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የተሠራውም ሥራ ተሰብስቦ እንደዚህ መጽሔት ይባዛ።

ከ2023 ጀምሮ በክልላችን የደረሰው ግጭት መንገዱንም ስብሰባውንም እንዳከበደው የሚዘነጋ የለም። ሰው ወደ ቤቱ ለመድረስ በሚሠጋበት ቦታ ብዙ ሰው ጥሩ ማለት አይገባም። በዚህ ምክንያት ነው በግቢያችን በትንሹ እንጀምር ያልነው። ነገር ግን ስብሰባ በከበደበት ጊዜ ነው ሰው ብቻውን ከስልኩ ጋር መቅረቱ የሚጐዳው። ተለያይቶ የሚያይ ወጣት ጐረቤቱ ምን እንደሚያስብ ሳያውቅ ይኖራል፤ አብሮ የሠራ ግን ባይስማማም ይተዋወቃል። መንገዱ ሰላም ሲሆን በክረምት ዕረፍታችን የየራሳችንን መጽሔት ይዘን ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ መሐል ሜዳና ወደየትውልድ ቀያችን እንሄዳለን፤ በዚያም ሚሞሪውን አስሞልቶ ብቻውን የሚያየውን ታናሽ ወንድማችንንና ታናሽ እኅታችንን «እናንተስ ምን ትሠራላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸዋለን። ያን ጊዜ ለመጠየቅ የሚያበቃን ግን አስቀድመን እኛ የሠራነው ነገር በእጃችን ሲኖር ነው። በሐሳቡ የተስማማችሁ፣ ያልተስማማችሁም፣ መልሳችሁን ለሚቀጥለው የመጽሔታችን እትም ጻፉልን።